ሳያጠፉ መጠየቅ

በውሃ መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኔ መዝገብ ቤት ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ «ጠያቂዋ» የምንላት ሴት ትሠራለች። ሁለታችንን የሚለየን ስስ ጣውላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሏን፣ ሳቋንና ከኮምፒውተር ጋር የምትገጥመውን ጭቅጭቅ ስሰማ ኖሬያለሁ።

ስሙን ያወጣላት አንድ የድሮ ሹፌራችን ነው። አንድ ቀን ሥራ የለሽም ወይ ብሎ ሊነካካት ገባና «ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ፕሮግራም ሲታመም እጠይቃለሁ።»

«ምኑ ሆነሽ ነው የምትጠይቂው?»

«እናቱ ነኝ» አለችው።

ሹፌሩ እየሳቀ ወጥቶ ለፎቁ ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂዋ ሆና ቀረች።

ኮምፒውተር ሲደርቅብን አብዛኞቻችን የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት። እሷ ይህን አትወድም። «የታመመን ሰው ምን አመመህ ሳትለው አንገቱን ይዘህ ብትነቀንቀው ተነስቶ ሊሄድ ይችላል፤ ምን እንደነበረበት ግን በምን ታውቃለህ?» ትላለች። የምትጠይቅበት መሣሪያ ዲበገር ይባላል። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ምስል የለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። አንድ መስመር ትጽፍለታለህ፣ ይመልስልሃል። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሮጥ ፕሮግራም ሁሉ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ለዲበገሩ ስትሰጠው ሄዶ ይጣበቅበታል፤ ፕሮግራሙም አንድ እግሩን እንዳነሳ ባለበት ቀጥ ይላል። ያኔ የት ነህ? ማን ላከህ? በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው? እያለች ታወጣጣዋለች። ስትለቀው እግሩን ካነሳበት ያሳርፍና መንገዱን ይቀጥላል፤ መጠየቁንም አያውቅ። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ሻይ በምንጠጣባቸው ሰዓቶች ነው። የተሳሳትኩት ካለ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም።

መሥሪያ ቤቱ የገባችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ለታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ሲመጡ እኛ አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ አልብሰን አስቀመጥናቸው፤ እሷ ጨርቁን ገልጣ መመሪያቸውን ማንበብ ጀመረች። የማታ ትምህርት ተማረች። ኮረብታው ላይ ላለው የፓምፕ ጣቢያ ፕሮግራም ያመጣልን ድርጅት ውሉ ሲያልቅ ዞር ብሎ ሳያየን ሲሄድ፣ አዲሱን ፕሮግራም ከፊደል አንድ ጀምራ የጻፈችው እሷ ናት። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አርባ ዘጠኝ ሆኗታል። አላገባችም፤ ጡረታ ከወጣች አዋላጅ ነርስ እህቷ ጋር ነው የምትኖረው።

ጣቢያው ከከተማው በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ያለው ትልቅ ታንከር የከተማውን ግማሽ ያጠጣል። የሷ ፕሮግራም የታንከሩን ውሃ ይለካል፤ ሲጎድል ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያቆማል፣ በየደቂቃው በመዝገብ ይጽፋል፣ የጻፈውን ደግሞ በሬዲዮ ወደ እኛ ይልካል። ደህና ነው። ግን በዓመት አንዴም ሁለቴም ድንገት ይደርቃል። ኦፕሬተሩ አጥፍቶ ያበራዋል፣ ይነሳል። ለምን እንደደረቀ የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ነገር ለሷ ጥርስ ውስጥ ተሰክቶ እንደቀረ ስንጥር ነበር።

ያንኑ ፕሮግራም በራሷ ኮምፒውተር ላይ እያስሮጠች፣ ዲበገሩን እያጣበቀች፣ የውሸት የውሃ ልክ እየሰጠችው ለሳምንታት ጠበቀችው። አንድ ቀን እንኳ አልደረቀም። «እናቱ ፊት የሚጨምት ልጅ ሆነብኝ» አለችኝ። ስለዚህ እዚያው በሚደርቅበት ቦታ መጠየቅ ነበረበት። ዲበገር ከሩቅም ይሠራል። ግን በወዲያኛው ጫፍ ፕሮግራሙን ይዞ በር የሚከፍት አንድ ትንሽ ተቀባይ ያስፈልጋል፤ እዚህ ያለው ሄዶ የሚያንኳኳው እሱን ነው። ተቀባዩን ከሦስት ዓመት በፊት ጣቢያው ድረስ ሄዳ አስቀምጣለች። ችግሩ ደንቡ ነው። ከሩቅ ሆኖ ፓምፕ የሚነካ ሰው እንዳይኖር፣ በሩን መክፈት የሚቻለው ጣቢያው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ በተቀመጠ ሰው እጅ ብቻ ነው። ደንቡ ትክክል ነው ብላ እሷም ፈርማበታለች። ኦፕሬተሮቹን «ሲደርቅ ሳታጠፉት ደውሉልኝ» እያለች ለመነች። እሺ ይላሉ፤ መጀመሪያ ያጠፉና ከዚያ ይደውላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እኔ ያረጁ ፋይሎችን እየቆጠርኩ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው የጣቢያው ዘበኛ ነው።

ስለዚህ ሰውዬ ልንገራችሁ። ዘበኛ ከመሆኑ በፊት እዚያው ጣቢያ አሥራ አምስት ዓመት ኦፕሬተር ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ የሰው ግቢ ገባ፣ የአንዱን አጥር ናደ፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። መዝገቡ ሲታይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ነው፤ ከዚያ፣ ተቀያሪው ኦፕሬተር መጥቶ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው፣ የመጀመሪያው መስመር «ፓምፑ በእጅ ጠፍቷል» ይላል። ኮሚቴው ነገሩን በራሱ መንገድ ገጣጠመው። ሰውዬው ተኝቷል፤ ሲነቃ ደንግጦ ኮምፒውተሩን ነካክቷል፤ መዝገቡን አበላሽቶ ፓምፑን አጥፍቷል። እሱ መልሱ አንድ ነበር። «የፓምፑን ማጥፊያ ነው የዘጋሁት። ኮምፒውተሩን አልነካሁም።» በአራት በኩል ቢጠይቁት «አልነካሁም»። ከደረጃው አውርደው እዚያው ጣቢያ ዘበኛ አደረጉት፤ ኮምፒውተሩ ካለበት ክፍል እንዳይገባም ከለከሉት። እኛም «ጋሽ አልነካሁም» የሚል ስም አወጣንለት። ስናወራ ሁላችንም በዚያ ነበር የምንጠራው። እኔም፣ እሷም።

ያን ቅዳሜ ተረኛው ኦፕሬተር ልጁ ታሞበት ወደ ታች ወርዷል። ዘበኛው በመስኮት ሲያይ በየሰከንዱ ብልጭ የምትለዋ የኮምፒውተሩ መብራት ፈዛ ቆማለች።

«ዓይኑ ቆሟል» አላት። «አልነካሁም።»

ወንበሯ ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ ሰምቼ ክፍሏ ገባሁ፤ የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ ከፍ አድርጋዋለች። «ጋሼ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው?»

«ይሠራል።»

«ግድግዳው ላይ ባለው ማጥፊያ ያጥፉልኝና ይምጡ።»

«ባለፈውም እሱን ነው ያጠፋሁት» አለ።

«አውቃለሁ። አሁን ያጥፉት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ጊዜ ኃላፊያችን ግርግሩን ሰምቶ ገባ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ የሚል ዓይነት ነው። «ቶሎ አጥፍተው ያብሩት በላቸው!» አለኝ፣ እኔን፤ እሷን ማዘዝ ይፈራል።

«ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ለሁለት ሰዓት ይበቃል» አለችው። «እኔ የምፈልገው ግማሽ ሰዓት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ግማሽ ሰዓት። ዛሬ ሳይጠፋ ደርሼበታለሁ።»

ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ። «ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ግን እግዜር ቢለምነኝም አልሰማ።»

ዘበኛው ግን ክፍሉ ውስጥ አልገባ አለ። «እኔ መንካት ተከልክያለሁ። በደብዳቤ ነው የተከለከልኩት።» ስልኩን ለኃላፊው ሰጠችው። ኃላፊው ትከሻውን እየሰበቀ «ይንኩ፣ ፈቅጃለሁ» አለ።

«ማን እየሰማ ነው?» አለ ዘበኛው።

«መዝገብ ቤቱ አለ።»

«እንግዲያው ይጻፍልኝ።»

ወረቀት ሳብኩና ጻፍኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ለማን ምን እንደፈቀደ። ኃላፊው ፈረመ። የጻፍኩትን በስልክ አነበብኩለት። «አሁን እገባለሁ» አለ፤ የበሩ ማጠፊያ ሲጥ ሲል እኛ ጋ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ የሆነው ነገር ባልጨነቀን ኖሮ ያስቅ ነበር። በሩ የሚከፈተው በፈረንጅ ፊደል በሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ የፈረንጅ ፊደል የሚያውቀው ከቧንቧ ላይ ነው፤ በየቫልቩ ላይ ከተለጠፉት ጽሑፎች። እሷ ይህ ወዲያው ገባት።

«ጌት ቫልቩ ላይ መጀመሪያ ያለችዋን ይጫኑ።»

«ጂ። ተጫንኩ።»

«ማፍሰሻው ላይ የመጀመሪያዋን።»

«ዲ።»

እንዲህ ፊደል በፊደል ቃሉን ጨረሱ።

«ከዚያ ረጅሟን ቁልፍ አንዴ። ምንም አትጽፍም፣ ቦታ ነው የምትለቀው።»

«ምንም የማትጽፍ ከሆነ ለምን እጫናታለሁ?»

«እሷ ከሌለች ሁሉም ይጣበቃል ጋሼ።»

የፕሮግራሙን ቁጥር ከዝርዝር ውስጥ ፈልጎ አነበበላት፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። የበሩን ቁጥር ስትነግረው ደግሞ ከፊቱ ሁለት ነጥብ መግባት ነበረበት።

«ጎን ለጎን ናት?»

«አይ፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች። የድሮ ጽሑፍ ላይ በቃልና በቃል መሀል የምትገባዋ።»

«እሷንማ አውቃታለሁ!» አለ ደስ ብሎት። «ቀስት ያለባትን ቁልፍ ይዘው ነው የሚጫኗት» ስትለው ግን ሁለት እጅ አልበቃው ብሎ ስልኩ ወደቀ። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ኃላፊው ጥፍሩን ሲበላ፣ ድምፁ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ፊደል በፊደል አነበበ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

«እያዳመጠ ነው ማለት ነው» አለች። «በሩ ተከፍቷል። ከእንግዲህ እጅዎን ያንሱ።»

«አንስቻለሁ» አለ። ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ታየኝ።

አሁን ተራው የሷ ነው። ጻፈች፣ ዲበገሩ አልቀበልም አላት። በእጇ ያለው የፕሮግራሙ ቅጂ አዲስ ነው፣ ጣቢያው ያለው አሮጌ፤ ስማቸው አንድ፣ መልካቸው ሌላ። መሳቢያ እያገለባበጠች የሦስት ዓመቱን ዲስክ እስክታገኝ ስድስት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ተያያዘላት። የጣት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ትጽፋለች፣ ታነባለች። ትጽፋለች፣ ታነባለች። ድንገት ጣቶቿ ቆሙ።

ያገኘችውን በኋላ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች አሉ በል። አንደኛው መዝገቡን ይዞ ለመጨረስ ሬዲዮውን ይፈልጋል። ሌላው ሬዲዮውን ይዞ ለመጨረስ መዝገቡን ይፈልጋል። ሁለቱ እኩል የተነሱ ዕለት፣ አንዱ መዝገቡን እንዳቀፈ ሌላው ሬዲዮውን እንዳቀፈ ቆመው ይቀራሉ። «ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው ‹ይግቡ› ‹ኧረ እርስዎ ይቅደሙ› ሲባባሉ አይተህ አታውቅም? እነሱ ቢያንስ ይደክማቸዋል። ፕሮግራም አይደክመውም፤ ዓለም እስኪያልፍ ይጠብቃል።» እኩል የሚነሱት በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው። የሷ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እውነተኛ ሬዲዮ ስለሌለ ጭራሽ አይገናኙም።

ጣቶቿን ያስቆመው ግን ይህ አልነበረም። ሁለቱ የቆሙበት መስመር ላይ፣ የጻፈው ሰው ምልክትና ቀን ነበረ። ምልክቱ የሷ ነው። ቀኑ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።

ፕሮግራሙን ለቀቀችው፤ ዘበኛው በነገረችው መንገድ አጥፍቶ አበራው። መብራቷ ብልጭ ማለት ጀመረች፣ ፓምፑ ተነሳ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጅቷል። ኃላፊው ፊቱ በርቶ «ጎሽ! ጎሽ!» እያለ ወጣ። ዘበኛው ግን ስልኩን አልዘጋም።

«ምን አለሽ?» አላት።

«ጋሼ፣ ሰኞ እመጣለሁ። በስልክ የሚነገር አይደለም።»

ከዚያ መዝገብ ቤት መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «የጋሽ አል...» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። «የዘበኛውን ፋይል ስጠኝ። የስምንት ዓመቱን።»

አቧራውን አራግፌ ሰጠኋት። ከኮሚቴው ወረቀት ጋር የተያያዘ የዚያን ቀን የኮምፒውተር መዝገብ ነበረ። ከባዶው ሰዓት በፊት ያለው የመጨረሻው መስመር «የውሃ ልክ ሦስት ሜትር ከ» ይልና ይቋረጣል፤ ከምን ያህል እንደሆነ የለም። የዛሬውን አውጥታ ጎኑ አስቀመጠች። እሱም መሀል ላይ የተቆረጠ ነው። ሰው ኮምፒውተር ነካክቶ የሚያበላሸው መስመር እንዲህ አይሆንም፤ እስክሪብቶው ወረቀት ላይ እንዳለ የደረቀ እጅ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ያለውን ገጽ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፤ ባላገላብጠው ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ነው። ታች ላይ አንድ መስመር አለ። «የፕሮግራሙ ባለሙያ በስልክ ተጠይቃ፣ ፕሮግራሙ እንዲህ ዓይነት ነገር አያደርግም ብላለች።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይቺን መናገሬን እንኳ አላስታውስም» አለች። «ሌላ ሥራ ይዤ ይሆናል። አላየሁም እኮ። ሳላይ ነው የመለስኩት።»

ፋይሉን ይዛ ኃላፊው ጋ ሄደች። በሩ ክፍት ስለነበር ንግግራቸው ይሰማኛል። ችግሩ ከተገኘ አስተካክዪው፣ አለቀ፣ የምን ፋይል ነው? አላት። «ተይው እንጂ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«አይታፈስም» አለችው። «ማንን ጠርጎ እንደሄደ ግን ይታወቃል።»

እሁድ ምሳ ላይ ለእህቷ ነገረቻት። እህትየዋ ቃል የማታባክን ሴት ናት፤ አርባ ዓመት ምጥ ላይ ካለች ሴት ጋር ያወራ ሰው ወሬ አያበዛም። እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «ሰውዬው አለመንካቱን ያውቃል አይደል?» አለቻት።

«ያውቃል እንጂ።»

«እንግዲያው አዲስ ነገር የምትነግሪው ስለ ራስሽ ነው። እሱን አታስረዝሚው።»

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። ዘበኛው በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆው ውስጥ ወንበሩን ለቆላት እሱ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ነገረችው። ስለ ሁለቱ ሠራተኞች፣ ስለተቆረጠው መስመር፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ። ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

«ያኔ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ‹ለምን አጠፋህ› አሉኝ» አለ። «‹ምን ሆነ› ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

«እኔን ጠይቀውኝ ነበር» አለችው። «በስልክ። ፕሮግራሙ እንዲህ አያደርግም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላይ። ፕሮግራሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ተነሳና ወጣ። ማንም ወዳልቆመበት የግቢ በር ሄደ፤ መቀርቀሪያውን ከፈተው፣ መልሶ ዘጋው። አጥሩን ዳር ዳሩን ይዞ ዞረ። እሷ ልሂድ ልቆይ እያለች ተቀመጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «በመጀመሪያው ዓመት እንዳልተኛሁ አውቅ ነበር። በሁለተኛውም አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እንጃ። ያን ሳምንት ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ሌት ሌት እሷ ጋ ነበር የማድረው። ባለቤቴ ዛሬስ አትሂድ፣ ቆመህ ነው የምትተኛው ብላኝ ነበር። ሰው ሁሉ ተኝተሃል ሲለኝ፣ ባለቤቴም ስትለኝ... አንዳንዴ ተኝቼ ይሆን እንዴ እላለሁ። ሕልም ሁሉ አየሁበት።»

እህቷ የተናገረችው ትዝ አላት። ሰውዬው ያውቃል ብለው ነበር፤ አያውቅም ነበር።

«ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለችው። «ኮሚቴው እንደገና...»

«ደብዳቤው ይደርሳል። መጀመሪያ ለባለቤቴ ንገሪያት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ፈርዶባት ነው፣ አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

ተረኛው ኦፕሬተር በሩን እንዲጠብቅ ተነግሮት ሁለቱ ቁልቁል ወረዱ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከመንገዱ ዳር ባለ አንድ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር መሀል፣ ማሽኗ ላይ አገኟት። በዚህ ሰዓት ባሏን ስታይ «ምን ሆንክ?» ብላ ብድግ አለች። ጠያቂዋ ማን እንደሆነች ተናገረችና እንደገና ጀመረች። ስለ ኮምፒውተር ግን አላወራችም። ከጠረጴዛው ላይ መቀሱን አንስታ ለሴትየዋ ሰጠቻት፤ የክር ጥቅሉን ራሷ ያዘች።

«አንቺ ክር ትፈልጊያለሽ፣ እኔ መቀስ እፈልጋለሁ። የያዝነውን ሳንጨርስ ላንለቅ ምለናል። ምን እንሆናለን?»

ሴትየዋ መቀሱን አየች፣ ክሩን አየች። «ታዲያ አንዳችን እናስቀምጣ!»

«እሱን ነው እኔ ሳልጽፍለት የቀረሁት። አስቀምጥ የሚለውን። ሁለቱ ተያይዘው ሲቆሙ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ባለቤትሽ አልተኛም ነበር። ውሃው ሲፈስ ሰምቶ ሮጦ ያጠፋው እሱ ነው፤ እሱ ባይኖር አጥር ብቻ አልነበረም የሚናደው።»

ሴትየዋ መቀሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለምን አልተከራከርከኝም?» አለችው።

«ተከራከርኩሽ እኮ። አንቺም እንደነሱ ስትጠይቂኝ ጊዜ ደከመኝ።»

ዞራ ማሽኗ ላይ ተቀመጠችና መስፋት ጀመረች። መርፌው ላይ ክር አልነበረም። ሁለቱም አይተዋል፤ ማናቸውም አልነገሯትም። ጨርቁ ዳር እስኪደርስ ድረስ ሰፋችው። ከዚያ እጇን ማሽኑ ላይ እንዳደረገች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «እንግዳዋን ቁጭ በል በላት እንጂ፣ ምን ገትረሃታል» አለችው። ሴትዋን ‹ቁጭ በል› ማለቷን ሲሰማ ሰውዬው ሳቀ፤ እየሳቀም ሳይታወቀው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ጠያቂዋ ደብዳቤውን የጻፈችው በማግስቱ ነው። ሁለት ገጽ ነበር፤ አንደኛው ገጽ ፕሮግራሙ ምን እንዳደረገ፣ ሁለተኛው ገጽ እሷ ምን እንዳላደረገች። ኃላፊው ሁለተኛውን ገጽ እንድታወጣው ለመናት። «አንቺን ለማዳን ብዬ ነው» አላት፤ እውነቱን ነው፣ ለማዳን ብሎ ነው። አላወጣችውም። ፕሮግራሙን አስተካከለች። ሁለቱ ሠራተኞች ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ መዝገቡን ከዚያ ሬዲዮውን እንዲያነሱ አደረገች፤ ጠብቀው ካጡ ደግሞ የያዙትን አስቀምጠው እንዲመለሱ። አሁን ኦፕሬተሮቹ የሆነ ነገር ሲደርቅ ከማጥፋታቸው በፊት ይደውላሉ። በር አከፋፈቱን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ፤ የቫልቭ ፊደሎቹን ሳይቀር።

አዲሱ ኮሚቴ አራት ወር ፈጀ። አንድ ረቡዕ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። አንዱ ለሷ ነው፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ፈርማ ወሰደችና «ሲያንስ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሌላው የሱ ነው። ሊወስደው ራሱ መጣ፤ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው።

«ሲያወርዱኝ ሦስት ገጽ ነበር» አለኝ። «ሲመልሱኝ ግማሽ ገጽ።»

«ግማሽ ገጹ ይበልጣል ጋሼ» አልኩት፤ እንዳልኩት በራሴ አፈርኩ። እኔም እኮ በዚያ ስም ስጠራው የኖርኩ ሰው ነኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን እስክሪብቶ እየጠየቀኝ ነበር። በኦፕሬተርነት የሚቀረው ጊዜ ጡረታው እስኪደርስ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው። ፈረመ፣ ደብዳቤውን በአራት አጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተ።

ከዚያ የጠያቂዋን በር አንኳኳ። ምን ይባባሉ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። የሬዲዮው አንቴና ዝገት ስለበላው መለወጥ አለበት እያላት ነው፤ እሷም ከየትኛው ጎን እንደዛገ ትጠይቀዋለች።